ባዮሷ የድሮ ቢሮዋን ያልረሳች ሚኒ ኮምፒውተር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

ጋሼ አምስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አላቸው። አሮጌዋ ዴስክቶፕ በቃኝ ስላለች ያገለገለች ሚኒ ኮምፒውተር ገዝተው ጠሩኝ። ርዝመቷም ወርዷም 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ውፍረቷ 4 ሴንቲ አይሞላም። ከሞኒተር ጀርባ ትታሰራለች። ለጠባብ ሱቅ የምትመች ነገር ናት።

ውስጧ ኢንቴል ኮር አይ 5፣ 6500ቲ የሚባለው አለ። ባለ 4 ኮር ነው። መደበኛ ፍጥነቱ 2.5 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሲሮጥ 3.1 ይደርሳል። የወጣው በ2015 ነው። ዊንዶውስ 11 ይህን ትውልድ በይፋ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ውጭ አገር ያሉ ቢሮዎች እንዲህ ያሉ ማሽኖችን የሚያስወጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለፎቶኮፒ ቤት ግን ገና ጉልበት አላት። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ልጫንባት ብል ተማሪው በፓወር ግዕዝ፣ በዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፈ ፋይል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዊንዶውስ 10 ይቆያል።

የጋሼ ስሞታ ረጅም ነው። ከፊት ያሉት የፍላሽ ቀዳዳዎች አይሠሩም። ሁለተኛው ስክሪን እየበራ ይጠፋል። ሰዓቷ ይዛባል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አትነሳም። በዚያ ላይ ቀርፋፋ ናት። ሻጩን ቢጠይቁት «ማዘርቦርዱ ሳይነካ አይቀርም» አላቸው።

እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ጎኗ ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፎባታል። የአይቲ ክፍል ባለው ትልቅ ቢሮ ውስጥ ስትሠራ የኖረች ናት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውሷ እንደ አዲስ ተጭኗል። ባዮሷን ግን የነካው ያለ አይመስልም። ባዮስ ማሽኗ ስትበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም ነው፤ የሚቀመጠውም ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነው። ዲስኩ ቢቀየር፣ ዊንዶውስ መቶ ጊዜ ቢጫን፣ የድሮው ቢሮ ሴቲንግ እንዳለ ይቆያል።

ኤፍ 2 ተጭኜ ገባሁ። ሁሉም ነገር ይነበባል፣ አንዱም አይቀየርም። የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አለባት።

ቅዳሜ ማታ

ለሻጩ ተደወለለት። ፓስወርዱን አያውቀውም፤ ማሽኗ ግን በደረሰኝ የተገዛች ናት። ከፈታኋት በኋላ ባትሪዋን አላወጣሁም። በድሮ ኮምፒውተሮች ክብ ባትሪዋን አውጥቶ ጥቂት መጠበቅ ፓስወርዱን ያጠፋው ነበር። በእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ላይ ግን ፓስወርዱ ያለ ኤሌክትሪክም በማይረሳ ሜሞሪ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ባትሪውን ማውጣት ሰዓቱን ቢያጠፋ ነው።

መፍትሔው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ጃምፐር፣ ሁለት መርፌዎችን የምታገናኝ ተነቃይ ቆብ፣ ናት። ከጎኗ የፓስወርድ ምልክት ታትሞባታል። ቻርጀሩን ነቅሎ ጃምፐሯን ማውጣት፣ ማሽኗን አንዴ አስነስቶ ማጥፋት፣ ከዚያ ጃምፐሯን ቦታዋ መመለስ። በቃ። ላፕቶፕ ቢሆን እንዲህ አይቀልም ነበር።

እግረ መንገዴን አቧራዋን አራገፍኩ። ፋኗ ሰላም ነች።

አሁን ባዮሱ ተከፈተ። ምንም ከመንካቴ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የምመክረው ይኼን ነው። ባዮስ ውስጥ «ወደ ነበረበት መልስ» የሚለው ምርጫ የሚመልሰው ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ነው። ትናንት ወደነበረው አይደለም።

የዩኤስቢው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። «የፊት ፖርቶችን ክፈት» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። ከዩኤስቢ መነሳትም ተከልክሏል። ያኛው ቢሮ ሠራተኛው ፍላሽ እንዲሰካ አይፈልግም ነበር። ልክ ነው፣ እኔም የባንክ አይቲ ብሆን እዘጋዋለሁ። ፎቶኮፒ ቤት ግን በፍላሽ ነው የሚኖረው። ሁለቱንም ምልክት አድርጌ አስቀመጥኩ። ሞቱ የተባሉት ቀዳዳዎች ተነሡ። ጋሼ በስልክ ሲሰሙ «ታዲያ ማዘርቦርዱስ?» አሉኝ። ማዘርቦርዱ ጤነኛ ነው፣ ጋሼ።

እሑድ

ዛሬ ያሰብኩት የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ማስቀመጥ ነበር። ሌላ ሴቲንግ ከመነካቱ በፊት መመለሻ ይኑረን ብዬ ነው። በፍላሽ ከተዘጋጀ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ተነሥቼ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ አልኩ። ኡቡንቱ ተነሣ። ፍላሹን ያያል፣ የውጭውን ሃርድ ዲስክ ያያል። ውስጥ ያለውን ባለ 256 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ዲስክ ግን የለም ይላል።

ዲስኩ ሞቶ አይደለም። ዊንዶውስ በእሱው ላይ ነው የሚነሳው። ነገሩ ያለው ባዮሱ የሳታ ገጽ ላይ ነው። ምርጫው ሬይድ ላይ፣ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ በሚያሠራው ዘዴ ላይ፣ ተቀምጧል። በዚህ ትውልድ ማሽኖች ሬይድ ሲመረጥ ኤንቪኤምኢው ከኢንቴል ተቆጣጣሪ ጀርባ ይደበቃል። የኢንቴል ድራይቨር ያለው ዊንዶውስ ያገኘዋል፣ ሊኑክስ ግን አያየውም። አንድ ዲስክ ብቻ ላላት ማሽን ሬይድ ምን ይሠራላታል? ምንም። ብዙ የቢሮ ማሽኖች ግን ከፋብሪካ እንዲህ ሆነው ይወጣሉ።

መፍትሔው ኤኤችሲአይ ወደሚለው፣ ዲስኩን ሳይደብቅ ወደሚያሳየው ምርጫ፣ መቀየር ነው። ግን ዝም ብሎ የቀየረው ሰው ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቀዋል። ዊንዶውሱ የተጫነው በሬይድ ድራይቨር ነዋ፤ ሲነሣ ዲስኩን ማግኘት አይችልም። ማታለያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ኤምኤስኮንፊግ ከፍቶ በሚቀጥለው ጊዜ በሴፍ ሞድ እንዲነሣ ማዘዝ። ሪስታርት አድርጎ ቀጥታ ባዮስ ገብቶ ኤኤችሲአይ መምረጥ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሣ ዋና ዋና ድራይቨሮቹን ስለሚጭን ዲስኩን በአዲሱ መንገድ ያገኘዋል። ከዚያ የሴፍ ሞዱን ምልክት አንስቶ እንደገና ማስነሣት። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ይህን ሁሉ ከመጀመር በፊት ቢትሎከሩን ለጊዜው ማቆም ይሻላል። አለበለዚያ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ቁልፍ ደግሞ ማን ያስቀምጣል? የጋሼ አልተቆለፈም።

ሠራ። ኡቡንቱም ዲስኩን አየ፣ ቅጂው ተጀመረ።

ቅጂው ሲጀምር ገመድ አልባዋ ማውስ ታመመች። ቀስቷ ትንገዳገዳለች፣ ትዘላለች። ባትሪዋ አዲስ ነው። ይህችን ጣጣ ከድሮ አውቃታለሁ። የውጭው ሃርድ ዲስክ ዩኤስቢ 3 ነው። ዩኤስቢ 3 በ5 ጊጋቢት ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይለቃል። ገመድ አልባ ማውሶች የሚነጋገሩት እዚያው መስመር ላይ ነው። ኢንቴል ራሱ በ2012 ስለዚህ ጉዳይ ጽሑፍ አውጥቷል። ሚኒ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው፤ የማውሷ መቀበያ ከሃርድ ዲስኩ ኬብል ጋር ጣት ለጣት ነው የተቀመጠው። መቀበያዋን ወደ ኋላ፣ ጥቁር ምላስ ወዳለው ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ወሰድኩት። ዳነች። ኋላ ቀዳዳ የሌለው ሰው አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ይጠቀም፤ ትንሽ መራቅ ብቻ ይበቃል።

ቅጂው አልቆ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ቢሆን ኖሮ በአበሻ ሰዓት ቆጥራ ነው ብዬ አልፋት ነበር። 3 ሰዓት ግን የእኛና የግሪንዊች ልዩነት ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገሬው ሰዓት ያነበዋል። ኡቡንቱ እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ያየዋል፤ ከኢንተርኔት ጋር ሲያስተካክልም እንደዚያው አድርጎ ማዘርቦርዱ ላይ ይጽፋል። ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አስተካከለው። ጋሼ የሚሉት የሰዓት መዛባት ግን ይኼ አይደለም። የሳቸው በዓመታት ነው የሚዛባው።

ማክሰኞ ማታ

መብራት የተመለከተውን ጉዳይ ዛሬ ያዝኩት።

ሱቁ ውስጥ ያለው ልማድ እንዲህ ነው። ማታ ሲዘጋ ማከፋፈያው ይጠፋል፤ ሁሉም ነገር ኤሌክትሪክ ያጣል። ጠዋት ይበራል። ቀን ላይ ደግሞ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ማሽኗ የታሰረችው ከሞኒተር ጀርባ ስለሆነ ማብሪያዋን ለመንካት ጠረጴዛው ላይ መንጠላጠል ነው። እዚያ የምትሠራው ልጅ በዚህ ተማርራለች።

ባዮሱ ውስጥ ኤሲ ሪከቨሪ የሚል ገጽ አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኗ ምን ታድርግ ነው ጥያቄው። ሦስት መልስ አለው፤ ጠፍታ ትቆይ፣ ትነሣ፣ ወይም ወደ ነበረችበት ትመለስ። የተመረጠው «ጠፍታ ትቆይ» ነው። መብራት በማይጠፋበት ቢሮ ይኼን ማንም ልብ አይለውም።

ለቤት ቢሆን «ወደ ነበረችበት ትመለስ» የሚለውን እመርጥ ነበር። ሌሊት መብራት ሲመጣ ባዶ ቤት ውስጥ እንዳትነሣ። እዚህ ግን ማታ ማከፋፈያው ስለሚጠፋ «ትነሣ» የሚለው ይሻላል። ጠዋት ማከፋፈያው ሲበራ ማሽኗም አብራ ትነሣለች። ከኋላ መንጠላጠል ቀረ። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ተነሺ የሚል ምርጫም አለ። ማከፋፈያ ለሚያጠፋ ሰው ግን አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ ከሌለ የሚቀሰቅሳት የለም።

ዲፕ ስሊፕ የሚባለውንም አጠፋሁት። ይህ ምርጫ ማሽኗ ጠፍታ ሳለ ለዩኤስቢና ለኔትወርክ የሚሄደውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጠፋ ኮምፒውተር የሚበላውን ኤሌክትሪክ ይገድባል፤ ምርጫው የሚረዳው ለዚያ ነው። ጋሼ ጋ ሌሊቱን ጭራሽ ኤሌክትሪክ የለም፤ ምን ይቆጠባል?

አስቀምጬ ማከፋፈያውን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ፋኗ ተነሣ፣ መብራቷ በራ። ዊንዶውስ ግን የለም። ስክሪኑ ላይ ቀኑና ሰዓቱ አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን ይላል። ትነሣለች ግን ደጃፍ ላይ ትቆማለች።

የዓመታት መዛባቱ መልስ እዚህ ነበር። ክቧን ባትሪ አውጥቼ በመልቲሜትር ለካኋት፤ 2.4 ቮልት። ሲአር 2032 የምትባለው ናት፣ በደህናዋ ጊዜ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ታሳያለች። ማሽን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲውል ሲያድር ሰዓቱ ከሶኬቱ ነው የሚበላው፤ ባትሪዋ ታርፋለች። መጋዘን ውስጥ ተነቅሎ የከረመ ማሽን ግን በባትሪዋ ብቻ ነው የሚቆጥረው። የጋሼ ማከፋፈያም በየሌሊቱ የቀረውን ይጨርሳል።

ይህች ባትሪ ስትደክም ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ጂሜይል አይከፈትም። ብራውዘሩ ገጹ አያስተማምንም ይላል። የድረ ገጾች የምስክር ወረቀት የሚያበቃበትና የሚጀምርበት ቀን አለው፤ ማሽኗ ዓመቱ ሌላ ነው ብላ ካሰበች ሁሉንም ሐሰተኛ ትላቸዋለች። ልጅቷ ኢንተርኔቱ ነው ብላ ራውተሩን ስታጠፋና ስታበራ ከርማለች።

አዲስ ባትሪ ገባ። ቀኑን ሞላሁ። ማከፋፈያው ሲበራ አሁን ቀጥታ ዊንዶውስ ላይ ትደርሳለች።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀርቷል። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ማሽኗ ደግሞ አሁን ወዲያው ነው የምትነሣው። ጋሼን መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ የፍሪጅ መጠበቂያ እንዲገዙ ለመንኳቸው። «እሱም ዩኤስቢ አለው?» አሉኝ።

ሐሙስ

የቀርፋፋነቱን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ሴቲንግ ነው ብዬ ነበር። ከፊሉ ብቻ ነው።

ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት አየሁ። 0.8 ጊጋኸርዝ። ፋይል ብከፍትም 0.8፣ ብራውዘር ብሞላም 0.8። ሙቀት የለም። አንድ የያዛት ነገር አለ። ባዮሱ የመጀመሪያው ገጽ ላይ መልሱ ተጽፎ ነበር፤ የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም ይላል።

ቻርጀሩን ገልብጬ አነበብኩ፤ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር። ስናባዛው 65 ዋት ነው። የሚያስፈልጋት ልክ ይኸው ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? የአንዳንድ አምራቾች ቻርጀር መሰኪያው መሐል ላይ ቀጭን መርፌ አለችው። በእሷ በኩል ቻርጀሩ ውስጥ ያለች ቺፕ «እኔ ባለ 65 ዋት ነኝ» ብላ ትናገራለች። ማሽኗ ይህን ካልሰማች አቅሙን አታምንም፤ ፕሮሰሰሯን ወደ ታች ቆልፋ ትቀመጣለች። ከማሽኗ ጋር የተሸጠው ቻርጀር መልኩ አንድ ነው፣ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቺፕዋ ግን ወይ የለችም ወይ አትናገርም። ከጓደኛዬ ቢሮ ዋናውን ቻርጀር ተውሼ ሰካሁ። ወዲያው ከ3 ጊጋ በላይ ሄደች። ጋሼ ሻጩ ጋ ሄደው በዋናው አስቀየሩት።

ዩዝድ ሚኒ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ይህን ሱቁ ውስጥ እያለ ማየት ይችላል። ታስክ ማናጀር መክፈት ነው።

አርብ

ስክሪኖቹ። ማሽኗ አንድ ኤችዲኤምአይና አንድ ዲስፕሌይፖርት አላት። ጋሼ ያላቸው አንድ ደህና ሞኒተር በኤችዲኤምአይ የሚገባ፣ አንድ ደግሞ ቪጂኤ ብቻ ያለው የድሮ ባለ 19 ኢንች ነው። ያ ድሮው ደንበኛው ጽሑፉን የሚያይበት ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ገዝተው ሰክተውታል፤ እየበራ የሚጠፋው እሱ ነው።

ቪጂኤ አናሎግ ነው። ስለዚህ አዳፕተሩ ውስጥ ምልክቱን የሚቀይር ቺፕ አለ፤ ቺፑ ኤሌክትሪክ ይበላል። ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ለዚህ እንዲሰጥ የሚገደደው 55 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ዲስፕሌይፖርት ግን በ3.3 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል። የተራበው አዳፕተር ኤችዲኤምአይ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ቦታቸውን ቀየርኩ። ደህናው ሞኒተር ቀጥታ በኤችዲኤምአይ፣ አሮጌው ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ በሚቀይር አዳፕተር። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።

መርካቶም ሆነ መገናኛ ኬብል ስትገዙ አቅጣጫውን ጠይቁ። አንድ ጫፉ ዲስፕሌይፖርት፣ ሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነው ርካሹ ኬብል የሚሠራው ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ነው። ገልብጠው ቢሰኩት ምስል የለም፤ ኬብሉም አልተበላሸም። የዲስፕሌይፖርት መሰኪያ መቆለፊያም አላት፣ ተጭነው ነው የሚያወጧት። በጉልበት የሚጎትት ሰው ቀዳዳውን ነው የሚነቅለው።

ሰኞ ጠዋት

ልጅቷ ደወለች። ማሽኗ «ቋንቋ ምረጥ» እያለች ነው፣ ቀጥል የሚለውን ልንካ ወይ አለችኝ። እንዳትነኪ!

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ተማሪ ፍላሹን ፊት ለፊት ሰክቶ ረስቶ ሄዷል። ፍላሹ ውስጥ የዊንዶውስ መጫኛ አለ። ከዩኤስቢ መነሳትን እኔ ከፍቻለሁ፤ በመነሻ ተራው ላይ ደግሞ ዩኤስቢ ከዲስኩ ይቀድማል። ጠዋት ማከፋፈያው ሲበራ ማሽኗ ያገኘችውን ይዛ ተነሣች። ያ የድሮው ቢሮ ክልከላ ለካስ ለዚህም ይጠቅም ነበር።

ፊቶቹ ቀዳዳዎች ክፍት ይቆያሉ፤ ሥራው ይጠይቃል። ከዩኤስቢ መነሳቱም እንዳለ ይቆይ፤ ለጥገና ያስፈልጋል። ከመነሻ ተራው ግን ዩኤስቢውን አወጣሁት፣ ዲስኩ ብቻ ቀረ። እኔ ስፈልግ ኤፍ 12 ተጭኜ ለአንድ ጊዜ እመርጣለሁ። ያን ገጽ ማንም እንዳይከፍተው ማቆም የሚቻለው በፓስወርድ ነው፤ አዲስ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አስገብቼ ከማሽኗ ደረሰኝ ጋር ጋሼ ካዝና ውስጥ አስቀመጥን።

ማታ የባዮሱን አዲስ ስሪት ከአምራቹ አውርጄ በፋት 32 በተዘጋጀ ፍላሽ ጫንኩ። ይህ ሥራ ሲካሄድ መብራት ከጠፋ ማሽኗ ላትመለስ ትችላለች። ስለዚህ ዩፒኤስ ከቤቴ ይዤ ነው የመጣሁት። ከጨረሰች በኋላ ፎቶዎቹን አውጥቼ ገጽ በገጽ አመሳከርኩ። ሬይዱ አልተመለሰም፣ የፊት ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው፣ ኤሲ ሪከቨሪም ባስቀመጥኩበት ነው።

ከኋላ ያለው አንደኛው ዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ በእውነት ተሰብሯል፤ ውስጡ ያለው ምላስ ተጣሟል፣ መርፌዎቹ ሊነካኩ ደርሰዋል። በፕላስተር አሸግኩት። የሚቀጥለው ሥራ ፕሪንተሩን በኔትወርክ ማገናኘት ነው።